ወንበር ስቦ መቀመጥ

መርዶ መንገር እናውቅበታለን። ዘመድ አዝማድ ተሰብስቦ ይመክራል፤ የሚናገረው ሰው ይመረጣል፤ ሐዘንተኛው እንቅልፉን ተኝቶ እንዲያድር ይደረግና ጎሕ ሲቀድ በሩ ይንኳኳል። ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለሚቀረው ሰው ነው። ለሚሄደው እንዲህ ያለ ወግ አላበጀንለትም። አስታማሚው «አይዞህ፣ ትነሣለህ» ይለዋል፤ ሐኪሙ የምርመራውን ውጤት ኮሪደር ላይ ለታላቅ ልጁ ነግሮ ያልፋል። ታማሚው እውነቱን ከጠያቂዎቹ ፊት ላይ ያነበዋል፤ የሚያወያየው ግን አያገኝም።

ሐኪሙ ጨክኖ አይመስለኝም፤ አልተማረውም። ሌላው ዓለምም ቢሆን ይህን ማስተማር የጀመረው በቅርቡ ነው። እንግሊዛዊቷ ሲሲሊ ሳውንደርስ መጀመሪያ ነርስ፣ ቀጥሎ የሆስፒታል ማኅበራዊ ሠራተኛ ነበረች። ለሞት የተቃረቡ ሕሙማንን መርዳት እንደምትፈልግ አንድ ቀዶ ሐኪም ብታማክር፣ እነሱን ጥለው የሚሸሹት ሐኪሞች ናቸውና ሄደሽ ሕክምና ተማሪ አላት። እ.ኤ.አ. በ1957 ተመረቀች፤ በ1967 ለንደን ውስጥ ለእንዲህ ያሉ ሕሙማን የቅዱስ ክሪስቶፈርን ሆስፒስ ከፈተች። ቤቱ ከመነሻውም ማስታመሚያ ብቻ አልነበረም፤ ይማሩበትና ይመራመሩበት ነበር። በዚያ ዘመን የሕመም ማስታገሻው ሞርፊን የሚሰጠው ታማሚው በሥቃይ ከጮኸ በኋላ ነበር። ሳውንደርስ ሕመሙ ሳይመለስ፣ ሰዓቱ ተጠብቆ ይሰጥ አለች። ቀላል ነገር ይመስላል፤ ሥቃዩን ሲጠባበቅ የሚውለውን ሰው ግን ከዚያ ፍርሃት አሳርፎታል።

ለእኛ ኑሮ የሚቀርበው ትምህርት ቤት ያለው ካምፓላ ነው። አን ሜሪማን የተባለች ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1993 ሆስፒስ አፍሪካ ዩጋንዳን ስትመሠርት በጣም ርካሽ ዘዴ ይዛ መጣች። የሞርፊን ዱቄት በውኃ ይበጠበጣል፤ እንዳይበላሽ መከላከያ ይገባበታል፤ አንዱ ጥንካሬ ከሌላው እንዳይምታታ ቀለም ይጨመርበታል። ታማሚው በጠርሙስ ቤቱ ይዞት ሄዶ በአፉ ይወስደዋል። ሠልጣኙ የሚማረው ይህን በትክክል ማዘዝ ነው። በየ4 ሰዓቱ ይሰጣል፤ ማታ ላይ ታማሚው እንዳይቀሰቀስ እጥፍ ይሆናል፤ ሞርፊን ሆድ ስለሚያደርቅ ማለስለሻ አብሮ ይታዘዛል። ማለስለሻውን የረሳ ሐኪም ታማሚውን ከአንድ ሥቃይ አውጥቶ ሌላ ውስጥ ይከተዋል። «ሱስ ይሆንበታል» የሚለው ፍርሃት ከታማሚው ይልቅ በሐኪሙ ልብ ውስጥ ሥር የሰደደ ነውና እሱን ለመንቀል ጊዜ ይወስዳል። ዩጋንዳ ይህን ሥራ ለሐኪም ብቻ አልተወችውም፤ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ለዚሁ የሠለጠኑ ነርሶችና ክሊኒካል ኦፊሰሮችም ሞርፊን እንዲያዙ በሕግ ፈቅዳለች።

ከመድኃኒቱ የሚከብደው ንግግሩ ነው። ዛሬ በብዙ አገር የሚሠራበት ስድስት ደረጃ ያለው የአነጋገር ዘዴ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2000 ነው፤ ካዘጋጁት አንዱ ሮበርት ባክማን የተባለ የካንሰር ሐኪም ነበር። ትምህርቱ የሚሰጠው በልምምድ ነው፤ አንዱ ሐኪም ሌላው ታማሚ ይሆናሉ፤ የቀሩት ተቀምጠው ያያሉ። ሠልጣኙ ገብቶ ቆሞ ሊናገር ሲል አስተማሪው ያስቆመዋል። ወንበር ስበህ ተቀመጥ፤ ስልክህን ዝጋ፤ ከመናገርህ በፊት ጠይቅ። ታማሚው ምን ያውቃል? ምን ያህልስ ማወቅ ይፈልጋል? ክፉው ወሬ ከተነገረ በኋላ የሚመጣው ዝምታ አለ፤ ሠልጣኙ ሁሉ የሚወድቀው እዚያ ላይ ነው። ዝምታው ያስጨንቀውና ስለ ኬሞቴራፒ፣ ስለ ቀጠሮ ማውራት ይጀምራል። አስተማሪው ደግሞ ያስጀምረዋል፤ ሰውዬው እንባውን እስኪጠርግ አፍህን ያዝ ይለዋል። ስፌት በእጅ እንደሚለመድ ይህም የሚለመደው በመደጋገም ነው። ደግ ልብ ብቻውን አይበቃም፤ ደግ ሐኪሞች ከአልጋው ዳር ሲሸሹ አይቻለሁ።

በኢትዮጵያ ሆስፒስ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2003 ተቋቁሞ ሕሙማንን በየቤታቸው መጎብኘትና ባለሙያ ማሠልጠን ጀምሯል። እዚህ ሠልጣኙን የሚጠብቀው ፈተና የውጭዎቹ መጻሕፍት በቅጡ የማያውቁት ነው፤ ልጆች በር ላይ ይይዙትና «ዶክተር፣ አደራ፣ እንዳይነግሯቸው» ይሉታል። በደንብ የተማረ ሐኪም ከልጆቹ ጋር አይጣላም። የፈሩትን ይሰማቸዋል፣ ከዚያ ገብቶ ይቀመጥና «አባባ፣ ስለ ሕመምዎ ምን ነገሩዎት? ዝርዝሩን ለርስዎ ልንገር ወይስ ለልጅዎ?» ይላል። ለልጄ ንገረው የሚሉ አሉ፤ ያም መልስ ነው፣ ይከበራል። ንገረኝ ያሉት ደግሞ ሰምተው ዝም ካሉ በኋላ የሚጠይቁት ስለ መድኃኒት ላይሆን ይችላል። የንስሐ አባቴን ጥሩልኝ የሚል አለ። ኑዛዜ ልናዘዝ፣ ምስክር ይምጣልኝ የሚል አለ። ዐረብ አገር ያለችው ልጄ ትምጣልኝ የሚልም አለ። ልጅቱ ከአሠሪዋ ፈቃድ ትጠይቃለች፤ የትኬት ገንዘብ ታሰባስባለች። ሐኪሙ ዘግይቶ ከተናገረ የምትደርሰው ለቀብር ነው።