«ከጀርባው ሌላ ነገር አለ» ሲባል ምን እናድርግ?

ከዚራ ሙቀቱ በረድ ሲል ከዛፎቹ ሥር ሻይ ይዞ ለተቀመጠ ሰው ወሬ አይጠፋም። የኑሮ ውድነቱ ይነሳ፣ የባቡሩ ነገር ይነሳ፣ የባለሥልጣናት ሹም ሽር ይነሳ፣ ትንሽ ቆይቶ አንዱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አቦ፣ ከጀርባው ሌላ ነገር አለ» ማለቱ አይቀርም። በርጫ ላይ ከሆነማ ነገሩ ይብሳል። ይህን ዓይነቱን አነጋገር የሴራ ትንታኔ ይሉታል። አንድ ትልቅ ነገር ሲፈጠር በይፋ የተነገረውን ምክንያት ትቶ፣ ጥቂት ኃይለኞች በድብቅ መክረው ያደረጉት ነው ብሎ ማስረዳት ማለት ነው።

ለመሆኑ ጋዜጠኛ ይህን ነገር በአደባባይ ያንሳው ወይስ ዝም ይበለው? በክፍላችን ውስጥም ስንከራከርበት የቆየ ጥያቄ ነው። ገሚሱ «ካነሳኸው ታስፋፋዋለህ» ይላል። እኔ ግን ዝምታው የባሰ ነው ባይ ነኝ፤ አነሳሱ ላይ ግን ብዙ ጣጣ አለ።

የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን አሟሟት እንውሰድ። ደርግ በነሐሴ ወር 1967 ዓ.ም. ንጉሡ ከፕሮስቴት ቀዶ ሕክምና ጋር በተያያዘ ችግር ሞቱ ብሎ አስታወቀ። ሐኪማቸው የነበሩት ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ በሕክምናው ምክንያት ችግር ተፈጠረ የሚለውን አልተቀበሉም። አስከሬኑ ለሕዝብ አልታየም፣ የቀብር ሥነ ሥርዓትም አልተደረገም። ሰዉ በየጓዳው «ገድለዋቸው ነው» ሲል ኖረ። በአደባባይ ማን ይደፍራል! በ1984 ዓ.ም. ዐፅማቸው ከቤተ መንግሥቱ ግቢ፣ ከኮንክሪት ሥር ተቆፍሮ ወጣ። በደርግ ባለሥልጣናት ላይ የተመሠረተውም ክስ ንጉሡ ታንቀው ተገደሉ የሚል ነበር። በሥላሴ ካቴድራል የተቀበሩት ጥቅምት 26 ቀን 1993 ዓ.ም. ነው። ወደ 17 ዓመት ገደማ አሉባልታ ሲባል የኖረው ነገር እውነት ሆኖ ተገኘ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ልብ እንበል። ያ ጥርጣሬ መልስ ሊሰጥባቸው የሚችሉ ጥያቄዎች ነበሩት። አስከሬኑ የት አለ? ማን አከማቸው? ማን መረመረ? እንደዚህ ያለውን ጥርጣሬ «የሴራ ወሬ ነው» ብሎ ማጣጣል የጋዜጠኛ ሥራ አይደለም፤ የገዳዩን ሥራ ማቅለል ነው።

የ2004 ዓ.ም. ክረምትም ሌላ ትምህርት አለው። ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ለሳምንታት ከዓይን ጠፉ። ስለ ጤናቸው በፊት ገጹ የጻፈው ፍትሕ ጋዜጣ እንዳይሰራጭ ታገደ። እንግዲህ ጋዜጣው ሲታገድ ወሬው አብሮ ታገደ? ኧረ በጭራሽ! ሞተዋል፣ ድነዋል፣ እዚህ አገር ታይተዋል እየተባለ ሲወራ ከረመ፤ ሕልፈታቸው በይፋ የተነገረው ነሐሴ 15 ቀን ነው። ክፍተቱን የፈጠረው ወሬኛው ሳይሆን መረጃውን የያዘው አካል ነበር።

የኢንጂነር ስመኘው በቀለ ጉዳይ ግን ይከብዳል። የሕዳሴው ግድብ ሥራ አስኪያጅ ሐምሌ 19 ቀን 2010 ዓ.ም. መስቀል አደባባይ መኪናቸው ውስጥ ሞተው ተገኙ። ፖሊስ ራሳቸውን ነው ያጠፉት ብሎ የምርመራውን ውጤት የተናገረው ጳጉሜን 2 ቀን፣ ማለትም ከ43 ቀን በኋላ ነው። በዚህ መሐል አንዱ የውጭ እጅ ነው አለ፣ ሌላው የአገር ውስጥ ባለሥልጣናትን ጠረጠረ። ውጤቱ ሲነገርም ብዙ ሰው «ይኼም የሴራው አካል ነው» አለ። መግለጫውን መጠየቅ፣ ማስረጃውን አሳዩን ማለት ተገቢ ነው። ነገር ግን ማስተባበያው ራሱ ማስረጃ ሆኖ ከተቆጠረ ምን ቢቀርብ ሐሳባችንን እንቀይራለን? «ምንም» ከሆነ መልሱ፣ ጥያቄ መሆኑ ቀርቶ እምነት ሆኗል።

በዚህ ሰው የማይሞትበት ይመስለን ይሆናል፤ ይሞትበታል። በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ ምዕራብ ጎጃም ውስጥ ለጤና ጥናት የሄዱ ሁለት ተመራማሪዎች፣ ልጆችን ሊመርዙ ነው የመጡት በሚል ወሬ በተቆጣ ሕዝብ ተገደሉ። ሁለቱም ለልጆቹ ጤና ብለው የሄዱ ሰዎች ነበሩ። ያን ወሬ ያመነ ወላጅ ሁሉ ክፉ ነው ማለት አይቻልም፣ ልጁን ነው የፈራለት። ግን እነዚህ ሰዎች ለምን መጡ፣ ከልጆቹ ምን ይወስዳሉ፣ ማን ፈቀደላቸው የሚለው ቀድሞ በግልጽ ተነግሮና ተጠይቆ ቢሆን ኖሮ ወሬው ያን ያህል ባልሮጠ።

ስለዚህ ወሬውን ስናነሳ እንዴት ነው የምናነሳው? ርዕሱ ላይ ወሬውን በትልቁ ጽፎ ጫፉ ላይ የጥያቄ ምልክት መለጠፍ እኔ ማታለል ነው የምለው፤ አንባቢ ምልክቷን ይረሳና ወሬውን ይዞ ይሄዳል። የታወቀውን ነገር ማስቀደም፣ ወሬውን ከዚያ ማስከተል፣ የቱ ተጣርቶ የቱ እንዳልተጣራ በቀጥታ መናገር ይሻላል። አንድን ብሔር ወይም ሃይማኖት በጅምላ ሴረኛ የሚያደርግ ወሬ ከመጣ ደግሞ መጠየቅ ያለበት ወሬውን ያመጣው ሰው ነው፣ የተወራበት ሕዝብ አይደለም።

የማጣራቱ ሥራ ሩቅ አገር አያስኬድም። በ2011 ዓ.ም. ክረምት እዚሁ ድሬዳዋ ቺኩንጉንያ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው አልጋ ላይ ሲጥል፣ ስለ በሽታው ሰምቶ የማያውቀው ይበዛ ነበር። በሽታውን የምታስተላልፈው ትንኝ በቀን የምትናከስ ናት፤ የምትራባውም የውኃ እጥረት ስላለብን ውኃ በምናጠራቅምበት በርሜል ጭምር ነው። ይህን የሰማ ሰው ማንንም ማመን አይጠበቅበትም፤ ጓሮው ሄዶ የበርሜሉን ክዳን ከፍቶ እጮቹን በዓይኑ ማየት ይችላል።