የተቀለበሰ ሽፋሽፍት ከታከመ በኋላ ዓይን ምን ያህል ያያል?

ከጣራ ገዳም ግርጌ አንሥቶ እስከ ወረታና እስከ ፎገራ የሩዝ ማሳ ድረስ፥ ሽፋሽፍቱን በወረንጦ የሚያስነቅል ሰው ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። የተነቀለው ጠጉር ግን ተመልሶ ይበቅላልና ዕረፍቱ የጥቂት ሳምንት ብቻ ነው።

የዚህ ሥቃይ መነሻ ትራኮማ ነው። ከልጅነት ጀምሮ ደጋግሞ የያዘ ትራኮማ የዓይንን ቆብ በውስጥ በኩል ያቆስለዋል፤ ጠባሳውም እየተኮማተረ ሲሄድ የቆቡን ጠርዝ ወደ ውስጥ ይቀለብሰዋል። ከዚያ ወዲያ ሕመምተኛው ዓይኑን በጨፈነና በገለጠ ቍጥር፥ ጠጉሩ በዓይን ፊት ያለውን እንደ መስተዋት የጠራ ሽፋን ይፍቀዋል። የተፋቀው ስፍራ ሲድን ነጭ ጠባሳ ይሆንና ብርሃንን ይከለክላል። በ1998 ዓ.ም. በመላ ኢትዮጵያ በተደረገው ጥናት ከ100 ዓይነ ስውራን መካከል 11 ያህሉ ብርሃናቸውን ያጡት ትራኮማ ባመጣው በዚህ ጠባሳ ነበር።

ሕክምናው አጭር ነው። ቆቡ በመርፌ ከደነዘዘ በኋላ ተሰንጥቆ ጠርዙ ወደ ውጭ ይዞርና ይሰፋል። ሥራውንም በዚሁ የሠለጠነ የጤና ባለሙያ በጤና ጣቢያ ሊፈጽመው ይችላል።

«ከታከምሁ በኋላ እንደ ልጅነቴ አያለሁን?» ብሎ ለሚጠይቅ ሰው እውነተኛውን መልስ አስቀድሞ መንገር ይገባል። በትልልቅ ከተሞች መነጽር ለመተው የሚደረገው የሌዘር ሕክምና የጠራውን ሽፋን ቅርጽ ራሱን ስለሚያስተካክል፥ ዓላማው ማየትን ማሻሻል ነው። የቆብ ቀዶ ሕክምና ግን ጠጉሩን ከዓይን ያርቃል እንጂ የቆየውን ጠባሳ አያጠፋም።

ይህም ሆኖ ጥቅሙ ታላቅ ነው። በምዕራብ ጎጃም 1,000 ታካሚዎችን ለአንድ ዓመት ተከታትሎ በ2008 ዓ.ም. የታተመው ጥናት፥ የማየት ኀይላቸው ያልጨመረላቸው እንኳ ኑሯቸው በግልጥ እንደ ተሻሻለ አሳይቷል። የጠጉሩ ውጋት ከቀረለት፥ ሰው በማሳውና በምድጃው ዘንድ ሥራውን ያለ ሥቃይ ይሠራልና። በእነዚሁ ታካሚዎች ላይ ሁለት ዓይነት የቀዶ ሕክምና አሠራር በተነጻጸረ ጊዜ፥ በአንድ ዓመት ውስጥ ጠጉሩ ዳግመኛ የተቀለበሰባቸው በአንዱ ከ100 13፥ በሌላው 22 ሆነዋል።

ስለዚህ እያንዳንዱ ቤተ ሰብ የሚከተለውን ያስተውል።

፩ኛ፤ ጠጉሩ ዓይንን መንካት እንደ ጀመረ፥ ነጭ ጠባሳ ሳይወጣ፥ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ይገባል።

፪ኛ፤ ታካሚው በተቀጠረበት ቀን ሁሉ ተመልሶ ይታይ፤ ጠጉሩ እንደ ገና ቢወጋውም ወረንጦ ከመፈለግ ይልቅ ወደ ባለሙያው ይመለስ።

፫ኛ፤ የልጆች ፊት በየዕለቱ ይታጠብ፤ መጸዳጃ ቤት ይሠራ፤ የትራኮማ መድኃኒት በሚታደልበት ጊዜም ማንም አይቅር።

ዓይኑ ገና ጥርት ብሎ ሳለ የታከመ ሰው ብርሃኑን ጠብቆ ይኖራል። ዘግይቶ የመጣ ግን ከሥቃዩ ቢያርፍም፥ ጠባሳ የወሰደውን ብርሃን ይህ ሕክምና አይመልስለትም።