እንግዳው ዓሣና የወንዙ ባለቤቶች

ወንዝ ሲታመም ሁልጊዜ ውኃው አይጐድልም፤ መልኩም አይለወጥም። ዳር ቆሞ ለሚያየው እንደ ቀድሞው ጠርቶ ይወርዳል። ነገር ግን አንባቢ ሆይ፥ ጐንበስ ብለህ አንዱን ድንጋይ ብትገለብጥ፥ ከሥሩ የምታገኘው ወይም የምታጣው ነገር ብዙ ይነግርሃል። ለዚህ የኒው ዚላንድ ታሪክ ጥሩ ትምህርት ይሰጠናል።

በኒው ዚላንድ የሰፈሩት እንግሊዞች በአገራቸው ሳሉ ትራውት የሚባለውን ዓሣ በመንጠቆ ማጥመድ የለመዱ ነበሩ። በአዲሱ አገር ግን ይህ ዓሣ አልነበረም። ስለዚህ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1864 ዓ.ም. የትራውት ዕንቁላል በእርጥብ የድንጋይ ሽበት ተጠቅልሎ፥ በበረዶ ተከቦ፥ ኖርፎክ በተባለች መርከብ ተጫነ፤ ከሦስት ወር ገደማ ጕዞ በኋላም ታስማንያ ገባ። በ1867 ዓ.ም. ደግሞ ከዚያ ወደ ኒው ዚላንድ ተሻገረ። ዓሣው ተራባ፤ አጥማጁም ተደሰተ። ይሁን እንጂ አባቶቻችን «ዓሣ ጐርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» ያሉት እንዲህ ላለው ነገር ነው።

የእነዚያ ወንዞች የጥንት ነዋሪዎች ጋላክሲያስ የሚባሉ፥ ቅርፊት የሌላቸው፥ ብዙዎቹ ከስንዝር የማያልፉ ዓሦች ናቸው። ትራውት እነርሱን ይበላል፤ ያልበላቸውንም ምግባቸውንና መጠለያቸውን ይሻማቸዋል። በደቡቡ ደሴት በታይሪ ወንዝ ተጠንቶ በ1991 ዓ.ም. በታተመው ምርምር፥ ጋላክሲያስ በአብዛኛው የተገኙት ትራውት ሊዘለው ከማይችለው ፏፏቴ በላይ ነበር። ፏፏቴው ምሽግ ሆናቸው ማለት ነው።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ባልከፋ። በድንጋዩ ላይ ሜይፍላይ የተባለው በራሪ ነፍሳት ዕጭ ይኖራል። ምግቡ ድንጋዩን የሚያለብሰው አረንጓዴና አዳላጭ አልጌ ነው። ጋላክሲያስ በአመዛኙ የሚያድነው በሌሊት፥ የውኃውን ንቅናቄ እየሰማ ነው፤ ትራውት ግን በቀን በዓይኑ አይቶ ይለቅማል። ስለዚህ ትራውት ባለበት ወንዝ ዕጩ ቀኑን ከድንጋይ ሥር ተሸሽጎ ይውላል፤ ለመጋጥ የሚወጣው ሲጨልም ነው። ጋላክሲያስ ብቻ ባለበት ወንዝ ግን ቀንም ይወጣል። ጋጩ ሲያንስና ሲፈራ አልጌው ይወፍራል፤ ይህም በሙከራ ታይቷል። እነሆ፥ የአንድ ዓሣ መምጣት እስከ ድንጋዩ ልብስ ድረስ ይዘልቃል!

ታዲያ ትራውትን ፈጽሞ ማጥፋት ይሻላልን? መልሱ ቀላል አይደለም። በኒው ዚላንድ ትራውት ዛሬም በፈቃድ የሚጠመድ፥ ሕግ የሚጠብቀው፥ አገር ጐብኚ የሚስብ ዓሣ ነው። ስለዚህ በአንዳንድ ጅረቶች ዓሣው የማይዘለው ግድብ ይሠራና ከግድቡ በላይ ያለው ትራውት ይወገዳል። የተፈጥሮውን ፏፏቴ ሥራ ሰው በእጁ ይሠራል ማለት ነው።

ይህ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይምሰልህ። ትራውት በ1960ዎቹ ከኬንያ መጥቶ በባሌ ተራሮች እንደ ወይብና ዳንካ ባሉ ወንዞቻችን ተለቅቋል። ዛሬ በትምህርት ገበታ ወይም በትንሽ ጽሕፈት ጠረጴዛ ላይ ያለኸው አንባቢ፥ ነገ «በዚህ ወንዝ ይህ ዓሣ ይለቀቅ» የሚል ወረቀት ለፊርማ ይቀርብልህ ይሆናል። ያን ጊዜ እንግዳው ስንት ኪሎ ሥጋ እንደሚሰጥ ብቻ ሳይሆን፥ ባለቤቶቹ እነማን እንደሆኑና ምን እንደሚበሉ አስቀድመህ ጠይቅ። ዓሣ ለመልቀቅ አንድ ባልዲ ይበቃል፤ የተለቀቀውን ለመመለስ ግን አንድ መቶ ዓመትም አልበቃም።