ሣር ማጨድና መሬት መላጨት

በመስቀል ዋዜማ ከመሥሪያ ቤታችን በስተጀርባ ያለው ሜዳ በትራክተር ታጨደ። ከሥራ ስንወጣ ያየነው ግን ሜዳ ሳይሆን ቆረቆር የያዘው ራስ ይመስል ነበር። ጉብ ጉብ ባለው ሥፍራ ሁሉ ሣሩ ተልጦ ቀዩ አፈር ፈጥጧል። እኔም ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ ገና ዓመት ያልሞላኝ ሰው፤ ነጂው «በቸልተኝነት ስላደረሰው ጉዳት» የሦስት ቀን ደመወዝ እንዲቀጣ የሚል ማስታወሻ ለመጻፍ አልዘገየሁም።

ነጂው በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ ሰው ናቸው። ወሬው ደርሷቸው ኖሮ ቢሮዬ ድረስ መጡና «ጌታዬ፤ ቅጣቱስ ይሁን፤ ግን ከመፈረሙ በፊት ወርደው ማጨጃውን ቢያዩልኝ» አሉኝ። እያፈርሁ ወረድሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከትራክተር ኋላ የሚታሰር ማጨጃ በሦስት ክንዶች ይያዛል፤ ሁለቱ ከታች ሆነው ያነሡታል፣ ያወርዱታል፤ ሦስተኛው ከላይ የሚይዘው ዘንግ ነው። ይህን አያያዝ ለዓለም ያስለመደው በአየርላንድ የተወለደው ሃሪ ፈርጉሰን ሲሆን፤ አስቀድሞ ያሰበው ለማረሻ ነበር። ማጨጃ ግን እንደ ማረሻ አይደለም፤ በራሱ ትንንሽ ጎማዎች ቆሞ መሬቱን መከተል አለበት። የላይኛው ዘንግ ግትር ሆኖ ከታሰረ፤ የትራክተሩ የፊት ጎማ ጉብታ ላይ በወጣ ቁጥር ማጨጃው አብሮ ወደ ኋላ ያዘነብልና ስለቱ አፈር ይጭራል። የእኛም እንዲሁ ታስሮ ነበር።

መድኃኒቱ ውድ አይደለም። በግትሩ ዘንግ ፋንታ ሰንሰለት፣ ወይም ወዲያና ወዲህ የሚል ማያያዣ ይገባል። ከዚያ የታችኞቹ ክንዶች ፈጽመው ይወርዱና ክብደቱን ጎማዎቹ ይሸከማሉ። ሽማግሌው ሰንሰለት እንዲገዛላቸው በግንቦት ያመለከቱበት ወረቀት እኔው ጠረጴዛ ላይ ተገኘ።

ሰንሰለት ብቻውን ግን አይበቃም። ማጨጃው ሰፊ ስለሆነ የግራና የቀኝ ጎማዎቹ ረባዳ ላይ ሲቆሙ ጉብታው በመካከል ይገባል። ጉብታው ከጎማዎቹ 5 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ስለቱ በ4 ከተስተካከለ፤ አፈር መቆረጡ የሂሳብ ጉዳይ ነው፤ የነጂ ጥበብ አያድነውም። ስለቱን ወደ 7 ወይም 8 ከፍ ማድረግ፣ በዝግታ መንዳት፣ ጉብታውን በሌላ አቅጣጫ መሻገር፣ ከሣሩ ቁመትም በአንድ ጊዜ ከሲሶ በላይ አለመቁረጥ ያሻል። ረባዳውን በየጊዜው በስስ አፈር እየሞሉ ማስተካከልም ይቻላል፤ ይህ ግን የዓመታት ሥራ ነው።

«ለምን ከፍ አላደረጉትም?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ከኪሳቸው የታጠፈ ወረቀት አውጥተው ሰጡኝ። «እንግዶች ስለሚመጡ ሣሩ እስከሚቻል ድረስ አጥሮ ይታጨድ» ይላል፤ ከክፍላችን የወጣ ትእዛዝ ነው።

ማስታወሻውን ቀደድሁት፤ ሰንሰለቱም ተገዛ። በበልጉ ዝናብ ሰርዶው ከጎን እየሳበ አብዛኛውን ሥፍራ ሸፍኖታል። በበሩ አጠገብ ባለው ጉብታ ላይ ግን ዝናቡ ሣሩን ቀድሞት አፈሩ ታጥቧል፤ ድንጋዩም ወጥቷል።