የሂጅራ ቀንና የኮምፒዩተር ስህተት፦ ከመገመት ማየት ይሻላል

ሪያድ፦ እ.ኤ.አ. ጁን 26 ቀን 2025 በሳዑዲ ዓረቢያ የኡሙል ቁራ አቆጣጠር ሙሐረም 1 ቀን 1447 ዓመተ ሂጅራ ነበር። በኢትዮጵያ ደግሞ ያው ዕለት ሰኔ 19 ቀን 2017 ዓ.ም ነበር። በሪያድ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ረመዳንን በሂጅራ፣ የአውሮፕላን ጉዞውን በጎርጎርዮስ፣ የአገር ቤቱን ሠርግ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ያስባል። ኮምፒዩተር ግን ካልተነገረው በቀር አንድ ቁጥር የየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ አያውቅም።

የሳዑዲ መንግሥት ከኦክቶበር 2016 ጀምሮ የሠራተኞቹን ደመወዝ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር መክፈል ጀምሯል፤ የሂጅራው አቆጣጠርም በሥራ ላይ ነው። በመሆኑም በአገሪቱ ፕሮግራም የሚጽፍ ባለሙያ ሁለቱን ጎን ለጎን ማስተናገድ ይኖርበታል።

ለምሳሌ ያህል የሠራተኞችን ኢቃማ የሚመዘግብ አንድ ፕሮግራም ይታሰብ። የኢቃማው ማብቂያ ረጀብ 1447 ነው፤ ይህም በዲሴምበር 2025 መጨረሻና በጃንዋሪ 2026 ላይ ይውላል። ፕሮግራሙ ግን ገና በኦገስት 2025 «ጊዜው አልፏል» ይላል። የሠራተኛው ጉዳይ ይስተጓጎላል፤ ጥፋቱ ግን የእርሱ አይደለም። ባለሙያው እየገመተ ኮዱን ከነካካ አንዱን ስህተት በሌላ ሊተካ ይችላል።

ለዚህ ዓይነቱ ችግር የተሠራው መሣሪያ ዲበገር ይባላል። ከታወቁት አንዱ የሆነውን ጂዲቢን ሪቻርድ ስቶልማን በ1986 ለግኑ ፕሮጀክት ጻፈው። ይህ መሣሪያ ሥዕልና አዝራር አያስፈልገውም፤ ትእዛዙ በጽሑፍ ይሰጠዋል፣ እርሱም በጽሑፍ ይመልሳል። ፕሮግራሙ ሲገነባ የማረሚያ መረጃ እንዲታከልበት ግን ያስፈልጋል፤ አለዚያ መሣሪያው የኮዱን መስመርና የተለዋዋጮቹን ስም ማሳየት ይሳነዋል።

ባለሙያው በመጀመሪያ «ብሬክ» በሚለው ትእዛዝ ሁለቱ ቀኖች በሚነጻጸሩበት መስመር ላይ ማቆሚያ ያደርጋል። «ራን» ሲል ፕሮግራሙ ይነሣና እዚያው መስመር ላይ ሲደርስ ቀጥ ይላል። ቀጥሎ በ«ፕሪንት» የተለዋዋጮቹን ዋጋ ይጠይቃል። የማብቂያው ዓመት 1447፣ የዛሬው ዓመት 2025 ሆኖ ይወጣል። ምክንያቱ በዚህ ግልጽ ይሆናል፤ ሁለት የተለያዩ አቆጣጠሮች እንደ አንድ ተነጻጽረዋል። «ባክትሬስ» ደግሞ ፕሮግራሙ በየትኞቹ ፈንክሽኖች አልፎ እዚያ እንደደረሰ በቅደም ተከተል ይዘረዝራል። በዚያ መንገድ ወደ ኋላ ሲኬድ ቀኑ አቆጣጠሩ ሳይገለጽ የተነበበበት ቦታ ይገኛል።

ስህተቱ ከተገኘ በኋላም ጥንቃቄ ያሻል። በሁለቱ ዓመታት መካከል ያለውን 578 መደመር መፍትሔ ይመስላል፤ ነገር ግን የሂጅራ ዓመት 354 ወይም 355 ቀን በመሆኑ ልዩነቱ ቋሚ አይደለም። ትክክለኛው መንገድ ቀኑን በኡሙል ቁራ ሠንጠረዥ መመንዘር፣ በማኅደር ውስጥ በአንድ ወጥ አቆጣጠር ማስቀመጥ፣ ለተጠቃሚው ደግሞ በሚፈልገው አቆጣጠር ማሳየት ነው።

ዲበገር የፕሮግራሙን ውስጥ የሚያሳይ መሣሪያ በመሆኑ አማና አለበት። በማስታወሻው ውስጥ የሰዎች ስምና የመታወቂያ ቁጥር ሊገኝ ይችላልና ፍተሻው ለሙከራ በተዘጋጀ መረጃ መደረግ ይገባዋል። ሕዝብ እየተገለገለበት ያለውን ፕሮግራም በማቆሚያ ነጥብ ማስቆምም ወረፋ የያዘውን ሰው ሁሉ ማስቆም ነው።

ሙያውን መማር የሚሹ ወጣቶች ጂዲቢን ያለ ክፍያ ማግኘት ይችላሉ። የመጀመሪያ ልምምዳቸውም ቀላል ሊሆን ይችላል፤ የአንድን ዕለት ቀን በሂጅራ፣ በጎርጎርዮስና በኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚያወጣ አጭር ፕሮግራም ጽፎ በየመስመሩ እያቆሙ ቁጥሮቹን መመልከት ነው። አሥራ ሦስተኛዋ ወር ጳጉሜን ላይ ሲደርሱ ዓመቱ አሥራ ሁለት ወር ብቻ ነው ብሎ የተጻፈ ኮድ የት ላይ እንደሚሰናከል በዓይናቸው ያያሉ።