ጎራዴው ስንት ያወጣል?

አያታችሁ ግድግዳ ላይ ሰቅለው የተዉት ጎራዴ ካለ ሁለት ገዢ አለው። አንደኛው ጆንያውን ተሸክሞ በየሰፈሩ የሚጮኸው ቆራሌ ነው፤ ለእሱ ብረት ብረት ነው። ሁለተኛው ስልካችሁ ውስጥ ነው፤ "የድሮ ዕቃ እንገዛለን፣ ፎቶ ላኩ" ይላል። ሁሩታም ሁኑ አዳማ፣ ኔትወርክ እስካለ ድረስ ሁለቱም ይደርሱባችኋል። ሥራውን የሚያውቀው ሁለተኛው ገዢ ታዲያ ከይሁዳ አንበሳው ቀጥሎ እጀታው ሥር ያለችውን ትንሽ የፈረንጅ ጽሑፍ ይፈልጋል። አንዳንዴ እዚያ ላይ የሚገኘው የጀርመን ሠሪ ስም ነው።

አዎ፣ ጀርመን። በምኒልክ ዘመንና ከዚያ ወዲህ ከአውሮፓ እየታዘዙ ከገቡት የጎራዴ ስለቶች ብዙዎቹ የተሠሩት ዞሊንገን በምትባል ከተማ ነው። ለዘመናት ሰይፍና ቢላ ስትሠራ የኖረች፣ ዛሬም "የስለት ከተማ" የሚለውን ቅጽል በይፋ የምትጠቀም ከተማ ናት። እዚያ ብረቱ ላይ አንበሳውና የአማርኛው ጽሑፍ ይቀረጽበታል፤ እዚህ ደግሞ የእኛ ባለሙያ እጀታና የቆዳ አፎት ይገጥምለታል። (ዘንድሮ "እዚህ መገጣጠም" የምንለው ነገር አዲስ አይደለም ማለት ነው።) ጀርመንና ኢትዮጵያ የወዳጅነትና የንግድ ውል የፈረሙትም በ1897 ዓ.ም፣ ፍሪድሪኽ ሮዘን የመራው የመልእክተኞች ቡድን አዲስ አበባ በመጣ ጊዜ ነው።

እዚያችው ከተማ የካይዘሩ መኮንኖች የክብር ሰይፍም ይሠራ ነበር። ካይዘሩ በ1918 እ.ኤ.አ ከዙፋን ሲወርድ ሰይፉ፣ ባለ ሹል ጫፉ የራስ ቁርና ሜዳሊያው በዓለም ተበተነ። ዛሬ ሰብሳቢዎች እነዚህን ሲገዙ የሠሪውን ምልክት፣ የክፍለ ጦሩን ማኅተም፣ ከተገኘም የባለቤቱን ስም ይመረምራሉ። ሁለት አንድ ዓይነት ሰይፎች ጎን ለጎን ቢቀርቡ፣ የማን እንደነበረ በወረቀት የሚታወቀው ይበልጣል። ብረቱ እኮ ያው ነው፤ ልዩነቱ ታሪኩ ነው።

ኢኮኖሚክስ ስንማር ጆርጅ አከርሎፍ በ1970 እ.ኤ.አ የጻፈው የአሮጌ መኪና ገበያ ምሳሌ ነበረ፤ ሻጩ ስለ መኪናው ከገዢው የበለጠ ያውቃል፣ ገበያውም በዚያ ይበላሻል። ጎራዴ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ስለ ብረቱ የሚያውቀው ገዢው ነው፤ ሻጩ ልጅ "የአያቴ ነው" ከማለት አያልፍም። ያቺን "የአያቴ ነው" ግን ደላላው አይጽፋትም። ስሙ፣ ቀበሌው፣ የዘመተበት ጦርነት ሁሉ እዚያው ይቀራል፤ ጎራዴው ባለቤት አልባ ሆኖ ይጓዛል።

ታሪክ የተጻፈበት ዕቃ ምን እንደሚሆን ደግሞ የመቅደላውን ጋሻ እዩ። እንግሊዞች በ1860 ዓ.ም መቅደላን ዘርፈው ሲወጡ ጓዙን ለመጫን 15 ዝሆንና 200 ገደማ በቅሎ አስፈልጓቸዋል። ከዚያ የተወሰደ አንድ ጋሻ በ2024 እ.ኤ.አ ኒውካስል ከተማ ለጨረታ ቀረበ። ላዩ ላይ "መቅደላ" የሚለው ስምና የጦርነቱ ቀን ተቀርጾበታል። ኢትዮጵያ ይመለስልኝ አለች፣ ጋሻውም ከጨረታው ተነሣ። የዘራፊዎቹ ጽሑፍ ለእኛ ማስረጃ ሆነ! ያ ጽሑፍ ባይኖር ኖሮ "የአፍሪካ ጋሻ" ተብሎ በተሸጠ ነበር።

ሕጉንም ማወቅ አይከፋም። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን በግል መያዝ ይፈቅዳል፤ ለንግድ ብሎ መግዛትና መሸጥን፣ ያለ ፈቃድም ከአገር ማውጣትን ግን ይከለክላል። እጀታው የአውራሪስ ቀንድ ከሆነ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ፤ የዱር እንስሳት ንግድን የሚመለከተው ዓለም አቀፍ ስምምነት ከ1977 እ.ኤ.አ ጀምሮ ቀንዱን ከንግድ አግዶታል።

ስለዚህ ፎቶ ከማንም በፊት ለራሳችሁ አንሡ። ብረቱን በአመድም በአሸዋ ወረቀትም አትፈትጉት፤ መጀመሪያ የሚጠፋው ቅርጹ ነው። መብራቱን ከጎን አድርጋችሁ አንበሳውን፣ ጽሑፉን፣ እጀታው ሥር ያለችውን ምልክት አንሡ። ከዚያ የስልኩን መቅጃ ከፍታችሁ አያታችሁ አጠገብ ቁጭ በሉ። "እማማ፣ ማን ነበር የሚታጠቀው? ከማን አገኘው? የት ዘመተበት?" በቀኝ ይሁን በግራ ወገብ ይታጠቁት እንደነበርም ጠይቁልኝ። በአገራችን የድሮ ልማድ በቀኝ ነበር፤ በግራ ከሆነ የፈረንጅ ወታደር ሥርዓት የደረሰው ሰው ነው ማለት ነው።