ውሃ በሰውነታችን ውስጥ ስለሚመላለስበት መንገድና ስለ ሕፃናት ተቅማጥ

«የጠጣውን ሁሉ መልሶ የሚያስወጣውን ልጅ ማጠጣት ምን ይረባዋል?» የሚለውን ጥያቄ፣ ተቅማጥ የያዘው ሕፃን ታቅፈው ከሚመጡ እናቶች ዘወትር እንሰማለን። ጥያቄው የሞኝ ጥያቄ አይደለም፤ እኛም ትምህርቱን ባናገኝ ኖሮ እንዲሁ በጠየቅን ነበር።

70 ኪሎ የሚመዝን ጎልማሳ በአካሉ ውስጥ 42 ሊትር ያህል ውሃ አለው። ከዚህም 28 ሊትር የሚሆነው በሕዋሳት ውስጥ ይገኛል። የቀረው 14 ሊትር ከሕዋሳት ውጭ ሲሆን፣ በደም ሥሮች ውስጥ የሚዘዋወረው የደም ውሃ ከእርሱ 3 ሊትር ያህል ብቻ ነው። አዲስ የተወለደ ሕፃን ግን ከክብደቱ ከመቶ 75 እጅ ያህሉ ውሃ ነው፤ ተቅማጥም ይህን ውሃ ፈጥኖ ያጎድልበታል። ዓይኑ የሚሰረጉደውና እርግብግቢቱ የሚጎደጉደው ስለዚህ ነው።

የውስጡን ውሃ ከውጭው የሚለየው በዓይን የማይታይ ስስ ገለፈት ነው። ውሃ በዚህ ገለፈት ያልፋል፤ ጨው ግን እንደ ልቡ አያልፍም። ስለዚህ ውሃው ጨው ወደ በዛበት ወገን ይሳባል። ይህን ለማየት መሣሪያ አያሻም፤ ቋንጣ የምታዘጋጅ ሴት የዘለዘለችውን ሥጋ ጨው ነስንሳበት ጥቂት ብትቆይ፣ ውሃ አውጥቶ ታገኘዋለች።

አሁን ወደ አንጀት እንመለስ። በተቅማጥ ጊዜ ውሃና ጨው ወደ አንጀት ይፈስሳሉ፤ ባዶ ውሃ ብቻ ማጠጣትም የወጣውን ጨው አይተካም። ነገር ግን በአንጀት ሕዋሳት ገለፈት ላይ በኮሌራ ጊዜ እንኳ የማይዘጋ አንድ በር አለ። ይህም በር ጨው ውስጥ ያለውን ሶዲየምና ግሉኮስ የሚባለውን ስኳር አጣምሮ ያስገባል፤ ሁለቱ ሲገቡ ውሃው ይከተላቸዋል። ይህን ጥምረት ሮበርት ክሬን የተባለ ሊቅ በ1960 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ፕራግ ላይ ገለጠ። በ1971 (እ.ኤ.አ.) የባንግላዴሽ ስደተኞች በተጠለሉበት በሕንድ አገር በቦንጋዎን ከተማ ኮሌራ ሲነሣ፣ በደም ሥር የሚሰጠው ውሃ አለቀ። ሐኪሙ ዲሊፕ ማሃላናቢስ ጨውና ግሉኮስ በውሃ አስበጥብጦ በአፍ እንዲሰጥ አደረገ፤ ከበሽተኞቹ ከመቶ 30 ያህል ይሞቱ የነበሩት ከ4 በታች ሆኑ።

ኦ.አር.ኤስ. የምንለው ዱቄት ይኸው ነው። መጠኑን ግን እንደ ወጥ በእጅ ግምት ማድረግ አይገባም። አንዳንድ ሰው «ይጠንክርለት» ብሎ ለአንድ ሊትር የተሠራውን ዱቄት በአንድ ብርጭቆ ውሃ ይበጠብጠዋል። በዚህ ጊዜ ሕፃኑ እንደ ቋንጣው ይሆናል፤ በደሙ ውስጥ የበዛው ጨው ውሃውን ከሕዋሳቱ፣ ከአንጎሉም ሕዋሳት ሳይቀር፣ ይስባል፤ የሚጥል መንቀጥቀጥም ሊያስከትል ይችላል። ስኳር የበዛበት ለስላሳ መጠጥም ውሃን ወደ አንጀት ስቦ ተቅማጡን ያብሳል።

ስለዚህ በከረጢቱ ላይ የተጻፈውን ያህል ውሃ አፍልቶ አቀዝቅዞ ዱቄቱን መበጥበጥ፣ በማንኪያም ቀስ በቀስ ማጠጣት ያስፈልጋል። ቢያስታውከው 10 ደቂቃ ታግሦ እንደገና መጀመር ነው። ጡት አይከልከል። የተበጠበጠው 24 ሰዓት ካለፈው ይደፋ። ሕፃኑ መጠጣት ካቃተው፣ ከፈዘዘ ወይም በሰገራው ደም ከታየ፣ ሳይመሽ ሳይነጋ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ፤ በመንገድም ላይ መዋጥ የሚችል ከሆነ ማንኪያው አይቋረጥበት።